ቅጣውን ማን ያውጣጣው

መጠየቅና ማውጣጣት አንድ ነው የሚለኝ ሰው ካለ የእኛን ቅጣውን አያውቀውም ማለት ነው። መጠየቅማ ማንም ይጠይቃል። ሊነግርህ የፈለገውን ሰው ትጠይቀዋለህ፣ ይነግርሃል፣ አለቀ። ማውጣጣት ግን ሊናገር ካልፈለገ ሰው ሆድ ነገሩን ቀስ እያሉ፣ ሳያስደነብሩ፣ እሱ ራሱ የተናገረው እስኪመስለው ድረስ መሳብ ነው። ይህን ልዩነት እኔ ምንዳዬ የተማርሁት በጉልበቴ ነው። ጉልበቴን ስል ይሄን የቀኝ ጉልበቴን ማለቴ ነው፤ ብርድ በመጣ ቁጥር እስከ ዛሬ ያመኛል።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እዚህ ቀየት በምትባለው አገራችን የሚያስተምር ወዳጆ የሚባል መምህር የቅጣውን ልጅ እስከዳርን ወደዳት። እስከዳር መሐል ሜዳ ከተማ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ አባቷ ቤት የተመለሰች፣ የደረሰች ልጅ ናት። ወዳጆም እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከ። አንዱ ሽማግሌ እኔ ስሆን ሁለተኛው ጋሽ ኃይለመስቀል ናቸው፤ ያጥቢያችን ነገር ሁሉ በእሳቸው እጅ የሚያልፍ፣ ያገር ሽማግሌ የሚባሉ ሰው።

ሽማግሌ ሆኖ መላክን የሚያከብረው ያልተላከ ሰው ነው። የተላከ ሰው ይቆማል። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ሲል «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» ይባላል፤ ባለቤቱ ይሰማል፣ ሽማግሌውም ይቀመጣል። ቅጣው ግን «ተቀመጡ» አላለም። ደጁ ላይ ሆኖ ገመድ ይገምድ ነበር። ጋሽ ኃይለመስቀል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የወዳጆን ዘር ቆጥረው፣ አመሉን አመስግነው፣ «ልጅህን ለልጃችን» ብለው ጨረሱ። ቅጣው ገመዱን አየ፤ ሰማዩን አየ።

«እንግዲህ» አለ።

እንግዲህ ምን? ጠበቅን። ሌላ ቃል አልመጣም። ቅር አላለንም፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ ያስቸገረችው ይመስላል። በሁለተኛው ጊዜ ሄድን፤ «እንግዲህ» አለን። በሦስተኛው ሄድን፤ የጥር ውርጭ ገና አልለቀቀም፣ ነፋሱ ከገደሉ አፋፍ እየተነሣ የበግ ጠጉር ባናችንን ሊገፈን ይታገላል። ቅጣው ቤት ገባና ይዞልን የሚመጣው ነገር አለ ብለን ስንጠብቅ የራሱን ባና ደርቦ ወጣ።

«እንግዲህ፣ ነፋሱ በርትቷል» አለ።

ጋሽ ኃይለመስቀል ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ፈገግ አሉ። «ሦስት ቃል ደርሰናል፤ እየቀናን ነው» አሉኝ። እኔ ግን እያነከስሁ ነበር።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ቅበላ እየቀረበ ነው፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ሠርግ የሚባል ነገር እስከ ፋሲካ ማዶ የለም። ወዳጆ ደግሞ ወደ ራቤል ከተማ ተዛውሯል፤ ከቅበላ በኋላ ይሄዳል። ራቤል እናቱ አለች፤ እናቱም «እዚያ እንቢ ካሉህ እዚህ የማጭልህ አላጣም» ብላ ልካበታለች። ቅጣው እስከ ቅበላ ካልተነፈሰ እስከዳር ቀረች ማለት ነው። ልጅቷም የአባቷ ልጅ ናትና ዝም ትላለች። ውሃ ትቀዳለች፣ ገብስ ትፈትጋለች፣ ሲያገኟት እጅ ነሥታ ታልፋለች። ሴት ልጅ በራሷ ጉዳይ አፏን መክፈት ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት፤ ታሳዝነኝ ነበር።

በዚህ መሀል ጥሩሸዋ ተነሣች። ጥሩሸዋ የቅጣው የሟች ሚስት የወለተጊዮርጊስ እህት ናት፤ ቤቷ ከቅጣው ቤት አጥር ይጋራል፤ ጠላ ትሸጣለች። ያገር ወሬ በእሷ በኩል ሳያልፍ መሐል ሜዳ ገበያ አይደርስም። እሷ ቤት ገብቶ ምሥጢሩን ይዞ የወጣ ሰው የለም ይባላል፤ የምትለውም እሷው ናት።

«እናንተ ምን ታውቃላችሁ፤ ትገተራላችሁ እንጂ» አለችን። «ቅጣውን እኔ አውጣጣዋለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል።»

በማግሥቱ ቅጣውን ጠርታ አስቀመጠችው። ጉሹን ቀዳች፣ ከዚያ ጥሩውን ጠላ፣ ከዚያ አረቄውን። እኔ ጥግ ይዤ ነበር፤ ለምስክርነት። ቅጣው ይጠጣል፣ ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል። እሷ ዝምታ አትችልምና ዝም ባለ ቁጥር ዝምታውን በወሬ ትሞላዋለች። ወዳጆ እንዴት እንደ ከሳ ነገረችው። የወዳጆ እናት ምን ብላ እንደ ላከች ነገረችው። ጋሽ ኃይለመስቀል ስለ እሱ ምን እንዳሉ፣ እኔ ስለ ጋሽ ኃይለመስቀል ምን እንዳልሁ፣ ሁሉን ዘረገፈችው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቅጣው ያጥቢያውን ጉዳይ ሁሉ አውቆ ተነሣ፤ እኛ ያወቅነው አረቄ እንደሚችል ብቻ ነው። ደጃፍ ላይ ቆም ሲል ጥሩሸዋ አንገቷን አስግጋ ጠበቀች።

«እንግዲህ፣ አረቄው ደኅና ነው» ብሎ ሄደ።

ወዳጆ ይህን ሲሰማ እኔ ራሴ ልሞክር አለ። ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ወርዶ ሥልጠና ወስዶ ነበር። አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ መምህር ተናግሮ አይጨርስም፤ ከተማሪው ያውጣጣል አሉ። «ጋሽ ምንዳዬ፣ ማውጣጣት ሙያ ነው» አለኝ። «አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ አይጠየቅም። ሰውየው እንዲያብራራ ነው የሚጠየቅ። ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።»

አማች ለመሆን የሚፈልግ ሰው አባትየው ዘንድ በራሱ እግር መሄዱ ነውር ነው ብዬ ነገርሁት፤ አልሰማኝም። ቅጣውን እርሻው ዳር አገኘነው። ወዳጆ እጅ ነሣና በሥልጠናው መሠረት ጀመረ።

«ጋሽ ቅጣው፣ ስለ ጋብቻ ያለዎት አመለካከት ምን ይመስላል?»

ቅጣው አየው። ወዳጆ ጠበቀ። ቅጣውም ጠበቀ። አንድ ቁራ መጥቶ አጠገባችን ዐረፈ፤ እሱም ጠበቀ። እኔ እግሬን ለወጥሁ። ወዳጆ ላብ ያልበው ጀመር፤ በዚያ ብርድ። ድንገት «ደሞዜ ትንሽ ናት፣ ቤት የለኝም፣ ጥርሴንም ያመኛል፤ እሷን ግን እንደ ዐይኔ ብሌን ነው የምይዛት» አለና ፊቱ ፍም መሰለ። ቅጣው ራሱን ነቀነቀ። ወዳጆ ስንመለስ «ምን አውጣጣሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከራስህ ብዙ አወጣህ አልሁት።

ጥሩሸዋ ሌላም ዘዴ አላት። ውሸት ወርውር፣ እውነቱ ሊያርምህ ይመጣል ትላለች፤ ይህም እውነት ነው፤ ያገራችን ሰው ስድብ ይችላል፣ የተሳሳተ ወሬ ግን አይችልም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰንበቴው ላይ፣ ቅጣው ባለበት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ቅጣው እኮ ልጁን ለምንኩስና ተስሏል» አለች። ሰው ሁሉ ወደ ቅጣው ዞረ። ቅጣው ዳቦውን አላመጠ። በነጋታው ሦስት ሴቶች እስከዳርን «ለየትኛው ገዳም ነው?» ብለው ጠየቋት፤ አንዷም ለቆብ የሚሆን ቁራጭ ጨርቅ ይዛላት መጣች። ቅጣው እንደሆነ ዝም።

እኔ ተስፋ ቆረጥሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የቅጣው ዝምታ ግን እንደሚነቅዝ፣ ልጅቷን ቤት እንደሚያስቀራት ታየኝ። ጥሩሸዋ ግን አመሻሹ ላይ መጣች፤ ድምጿ እንደ ዛሬ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

«አውጫጭኝ» አለችኝ።

አውጫጭኝን ለማያውቅ ሰው ልንገር። አንድ ሰው ንብረት ጠፍቶበት ሌባው ካልታወቀ አቤት ይላል። ያጥቢያው ሰው በሙሉ መስክ ላይ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ እየተነሣ «ያየሁት የሰማሁት የለም» ብሎ ይምላል፤ ያየ የሰማም ይናገራል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ቤቱ አይገባም፣ እህል አይቀምስም። ዝም ማለት የለም፤ ዝም ያለ ሰው ሌባው እሱ ነው። ጥሩሸዋ የያዘችው ይህንን ነው። ቅጣው እንደ ሰው ተነሥቶ ሙሉ ቃል የሚናገርበት አንድ ቦታ ቢኖር አውጫጭኝ ነው። አንዴ አፉ ከተከፈተ ደግሞ ጋሽ ኃይለመስቀል የልጅቱን ነገር ያስከትላሉ።

«የጠፋሽ ምንድን ነው?» አልኋት።

«እሱን ለእኔ ተወው» አለች።

በማግሥቱ ጥሩሸዋ ለቅበላ ያደለበችው ሙክት ጠፋ ብላ ጮኸች። ጠፋ ስትል እኔ ምንም አልጠየቅኋትም፤ አንዳንድ ነገር ሳያውቁ መማል ይሻላል።

መስኩ ሞላ፤ ካህኑም ለመሐላው መጥተዋል። ድሮ አውጫጭኝ የወንድ ጉዳይ ነበር፤ ቀበሌው ሴቶችም በስብሰባ ይገኙ ካለ ወዲህ ግን ሴቱም ተጠርቷል። እስከዳር ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀመጠች። ወዳጆም መጥቷል። ጋሽ ኃይለመስቀል መካከል ቆመው ወጉን ተናገሩ፤ ሰው እየተነሣ ይምል ጀመር።

መጀመሪያ ደኅና ነበር። አንዱ ተነሥቶ «ያየሁት የሰማሁት የለም» ብሎ ይቀመጣል፣ ሌላው ይተካል። ፀሐይ እየከረረች፣ ሆድ እየጎደለ ሲሄድ ግን ነገሩ ተበላሸ። ርሀብ የሚያውጣጣውን ያህል አረቄ አያውጣጣም። ገብረየሱስ የሚባለው ጎረቤቴ ተነሣ።

«ሙክት አላየሁም። የጠጄን ዶሮዎች ግን ሸለምጥማጥ አይደለም የበላቸው» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ። አሁን ቤቴ ልሂድ?»

ባለዶሮዋ ጠጄ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች፤ ያዟት። ከዚያ በኋላ ማቆም አልተቻለም። አንዱ የድንበር ድንጋይ መግፋቱን ተናገረ፤ ባለድንበሩ «እኔም መልሼ ገፍቼዋለሁ፤ ያንተ አሁን ያነሰ ነው» አለው። አንዷ ሴት ሰንበቴው ላይ የምታቀርበውን ጠላ ከጥሩሸዋ እየገዛች የራሷ እንደምታስመስል አመነች። ወዳጆ ተራው ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሙክቱን አላየሁም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግን ተማሪዎቼን መልሱን አስቀድሜ ነው የማስጠናቸው። ማውጣጣቱ አልሆነልኝም።»

ስለ ሙክቱ ማንም የሚያውቅ የለም። ጥሩሸዋ ፊቷን አሳዝና ተቀምጣለች፤ ዐይኗ ግን ቅጣው ላይ ነው። በመጨረሻ ጋሽ ኃይለመስቀል «ቅጣው» አሉ። ቅጣው ተነሣ፣ ባናውን አስተካከለ።

«ሙክቱ ጥሩሸዋ ጓዳ ነው» አለ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ሲጮህ እንቅልፍ ነሣኝ።»

የሰው ሁሉ አፍ ተከፈተ። ጥሩሸዋ ልትናገር ሞከረች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ጠፋት። ጋሽ ኃይለመስቀል ተቆጡ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት ሰውን በርሀብ ስትፈጅ ለምን አልተናገርህም?»

«ተራዬ አልደረሰም» አለ ቅጣው።

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ጥሩሸዋ ላይ ሊነሣ ከጀለ። ጋሽ ኃይለመስቀል ሙክቱ ዛሬውኑ ታርዶ ለተራበው ሰው ይቅረብ ብለው ፈረዱ፤ ጥሩሸዋ ግን ወዲያው ነፍሷ ተመለሰችና «ይታረድ፤ ግን ቅጣው አፉ ሳይዘጋ ስለ ልጁ ይናገር» አለች። ሙክቷን ከፍላለችና የገዛችውን ትፈልጋለች። ጋሽ ኃይለመስቀልም እውነቷን ነው ብለው ወደ ቅጣው ዞሩ።

«ይኸው መስክ ላይ ነን። ዝም ማለት የለም። ልጅህን ትሰጣለህ ወይስ አትሰጥም?»

እኔ አሁንም «እንግዲህ» ይላል ብዬ ዐይኔን ጨፈንሁ።

«እኔን ለምን ትጠይቁኛላችሁ» አለ። «ታላቅ እህቷን አመተሥላሴን ሽማግሌ ሲመጣባት ጠርቼ ጠይቄያት ነበር። ‹እርስዎ ካሉ› አለችኝ። እርስዎ ካሉ መልስ መሰለኝ፤ ሰጠኋት። ይኸው ከሄደች ጀምሮ ታለቅሳለች። ልጅ አባቷ ሲጠይቃት የሆዷን አትናገርም፤ የአባቷን ፊት አይታ ነው የምትመልስ።» ቆም አለ፤ እንዲህ ብዙ ተናግሮ ስለማያውቅ የደከመው መሰለ። «ይቺን አልጠይቃትም አልሁ። ዝም ብል፣ እናንተም ብትመላለሱ፣ ነገሩ ሲመርራት ራሷ ታወጣዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እስከ ዛሬ አላወጣችም። እሷ ሳትናገር እኔ አልናገርም።»

እኔ አፈርሁ። ጉልበቴን እያሸሁ ስረግመው የነበረው ሰው ለካ ከሁላችንም በላይ የሚያውጣጣ እሱ ነው። እኛ እሱን ስንስብ እሱ ልጁን ይስብ ነበር፤ በዝምታ፣ ሳይጎትት፣ ፊቱን እንኳ እንዳታይ ገመድ ላይ አቀርቅሮ።

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሴቶቹ ለእስከዳር መንገድ ለቀቁላት። ተነሣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር፤ አወረደችው። ሴት ልጅ በመስክ፣ በካህኑና ባገር ሽማግሌው ፊት፣ ስለ ራሷ ባል ስትናገር እኛ አገር ታይቶ አይታወቅም።

«እፈልገዋለሁ» አለች። ቃሏ ቀጥ ያለ ነበር። «ጥር ላይ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ጀምሮ እፈልገዋለሁ። ለምንኩስና ነው ሲሉኝ እንኳ ዝም አልሁ፤ አባባ የማይፈልጉ መስሎኝ።»

ወዳጆ ሊነሣ ሲል ያዝሁት፤ አልጨረሰችም ነበር። ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ እህቴ ቤቷ እያለቀሰች እኔ በእልልታ አልወጣም። እሷን ያምጡልኝ። እሷን ካላመጡ ሠርጉ ይቅር።»

ያ ሁሉ ሰው ርሀቡን ረሳው። ቅጣው ልጁን ረዥም ጊዜ አያት፤ ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ እኔም ልደብቅለት ብዬ ፊቴን አዞርሁ፤ የእኔም ዐይን ደኅና አልነበረም።

«ማልጄ እሄዳለሁ» አለ።

ሙክቱ ታረደ። ጥሩሸዋ ለእያንዳንዱ በእጇ እየቆረሰች፣ ይህ ሁሉ ያሰበችበት መሆኑን እየነገረች አስተናገደች። ጠጄም ገብረየሱስ የበላውን ዶሮ በሙሉ እንደሚተካላት አስምላው ነው የበላችው።

ቅጣው ማልዶ በቅሎ ጭኖ ሄደ። የአመተሥላሴ ባል አገሩ ጊሼ በሚባለው በኩል ነው፤ ኃይለኛ፣ ተሟጋች፣ ሽማግሌ የማያሸንፈው ሰው ነው ይባላል። እኛ እንከተልህ ብንለው አይሆንም አለ። ቅጣው ከተሟጋች ጋር ምን ሊሆን ነው ብለን ሠጋን። ሠርጉ ለቅበላው መጨረሻ ተቆርጦ ነበር፤ ቀኑም እየተንጠባጠበ ሊያልቅ ሆነ። ጥሩሸዋ ጠላውን ጠመቀች፣ ወዳጆ ጫማውን ደጋግሞ ጠረገ፣ እስከዳር አፋፍ ላይ እየወጣች መንገዱን ታያለች።

የሠርጉ ዋዜማ ቀን በቅሎዋ ብቅ አለች። አመተሥላሴ ላይዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ቅጣው ልጓም ይዞ ከፊት ይሄዳል። እስከዳር ሮጣ ወረደች፤ ሁለቱ እህትማማቾች መንገዱ መሀል ተቃቅፈው ቆሙ፣ በቅሎዋም ከኋላቸው ጠበቀች። እኔ ግን ያንገበገበኝ ነገር ነበርና ቅጣውን ክንዱን ያዝሁት።

«ያንን ሰው በምን አሸነፍኸው?»

«ምንም አላልሁት» አለ። «ቤቱ ገባሁ፤ ተቀመጥሁ። ምን ፈልገህ መጣህ አለኝ፤ ዝም አልሁ። ተሳደበ፤ ዝም አልሁ። ራት አቀረቡ፤ በላሁ፣ አመሰገንሁ፣ ዝም አልሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ ‹ይህን ዝምታ ከቤቴ አውጡልኝ፤ እሷንም ውሰዳት› ብሎ ጮኸ።»

«እሷስ ምን አለች?»

ቅጣው ወደ ልጆቹ አየ። አመተሥላሴ እየሳቀች ነበር፤ ለብዙ ዓመት ያላየነውን ሳቅ።

«እሷንማ ምን ልጠይቃት» አለ። «ገና ደጃፉ ላይ ስታየኝ ዕቃዋን ትሸክፍ ጀምራ ነበር።»